ወደ ግራ የዘመመ ክለብ

ሰው ቴኳንዶ ሲባል እግርን ከጣራ በላይ መወርወር ይመስለዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴኳንዶ ከተማርኩባቸው አራት ዓመታት የመጀመሪያውን ዓመት ተኩል ያሳለፍኩት በመቆም ነው። በመቆም ብቻ! እናቴ በየማለዳው ከየት እንደምመጣ ስትጠይቀኝ "ቆሜ ነው የመጣሁ" እላታለሁ። "ለመቆም ለመቆምማ ቤተ ክርስቲያን አይሻልህም?" ትለኛለች። በማግስቱም ሄጄ እቆማለሁ።

ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ስለካ የምውል ጎረምሳ ነበርኩ። የምንሰለጥነው በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ስለነበር ሽታው አልለቀቀውም፤ በእነዚያ ዓመታት ቁመት የጨመርኩት በስፖርቱ ሳይሆን በማዳበሪያው ነው ብዬ እምላለሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የማርቆስን የኅዳር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባዶ እግርህን ስታሳርፍበት ብርዱ በተረከዝህ ገብቶ በጥርስህ ይወጣል።

አሰልጣኛችን በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። እንደ ስፖርቱ ወግ "ማስተር" እንላቸዋለን። ቴኳንዶውን በደርግ ጊዜ በጦር ካምፕ ውስጥ ከአንድ የሰሜን ኮሪያ ሰው ተማሩ፤ ከዚያ ዘመቱ፤ ቀኝ ጉልበታቸው ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዘው ተመለሱ። ጦሩ ሲበተን ወደ አገራቸው ወደ ማርቆስ መጡ። ቀን ቀን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይቆማሉ፤ ማለዳና አመሻሽ እኛን ያቆማሉ። መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው እንደሚያነክሱ አያስታውቁም። ፍርድ ሊሰጥ እንደሚሄድ ዳኛ፣ መሬቱን እየለኩ፣ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ እኛ ኩራት ይመስለን ነበር። ስለ ጉልበታቸው የጠየቃቸው ካለ "ፍንጣሪዋ ተኝታለች፤ እኔም አልቀሰቅሳት፣ እሷም አትቀሰቅሰኝ" ይላሉ። ያምኑበትም ነበር።

አቋቋምን በኮሪያኛ "ሶጊ" ይሉታል። ማስተር የሚያመልኩት ነገር ቢኖር እሱን ነው። "ምት ከእጅ አይወጣም፤ ከመሬት ነው የሚወጣው። መሬቱን ያልያዘ ሰው የሚማታው ከነፋስ ጋር ነው" ይሉናል። መጀመሪያ የዝግጁ አቋቋም አለ፤ እግር በትከሻ ልክ ተከፍቶ፣ ሁለቱ ቡጢዎች ከእምብርት በታች። ቀጥሎ የመራመጃው አለ፤ አንዱ እግር ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊቱ ጉልበት ይታጠፋል፣ የኋላው ቀጥ ይላል፣ የሰውነት ክብደት ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። ከሁሉ የሚከፋው የተቀማጩ ነው፤ ወንበር በሌለበት መቀመጥ። እግርህን ከትከሻህ አስፍተህ ትከፍታለህ፣ ሁለቱን ጉልበቶችህን እኩል ታጥፋለህ፣ ጀርባህን ታቀናለህ፣ ከዚያ ማስተር እስኪታክታቸው ትጠብቃለህ። እሳቸው ደግሞ አይታክታቸውም። እኔ ጢም ያበቀልኩት በዚህ አቋቋም ላይ እያለሁ ነው፤ ስገባ አልነበረኝም፣ ስወጣ ነበረኝ።

ችግሩ፣ የማስተር ቀኝ ጉልበት አይታጠፍም።

ጨርሶ አይታጠፍም ማለቴ አይደለም። ሲያሳዩን ግራው እስከ ልኩ ይወርዳል፤ ቀኙ ሲሶውን መንገድ ሄዶ ይገተራል። ስለዚህ ወገባቸው ወደ ግራ ይሰምጣል፣ ቀኝ ትከሻቸው ይነሳል፣ ጭንቅላታቸው ሚዛኑን ለማካካስ ወደ ቀኝ ይሰበራል። ከፊት ለፊት ሲታዩ ነፋስ የገፋው ባሕር ዛፍ ናቸው። እኛ ደግሞ ከፊት ለፊታቸው አርባ ሆነን የቆምን፣ ያንኑ ነፋስ የቀመስን ባሕር ዛፎች ሆንን። አርባ ጤነኛ ወጣት፣ ሰማንያ ጤነኛ ጉልበት ይዞ፣ ወደ ግራ ዘመመ።

እንዴት ሆነ አትበሉኝ። አገሩ ጎጃም ነው። እዚህ ትምህርት ከመምህሩ የሚወሰደው ሙሉውን ነው። አጠገቤ የሚሰለጥን፣ ደብረ ኤልያስ ዜማ ተምሮ ያቋረጠ ጓደኛ ነበረኝ፤ አንድ ቀን እንዲህ ሲል አጫወተኝ፦

"የኔታ አንዲት ቃል ላይ ሲደርሱ ያስሉ ነበር። እኛም እዚያች ቃል ላይ ስንደርስ እናስላለን።"

"ጉንፋን ይዟችሁ?"

"ምን ጉንፋን! ከዜማው መስሎን ነዋ። ሳያስል ያለፈ ልጅ 'ይኼን ደግሞ ከየት አመጣኸው?' ተብሎ ተገርፏል።"

ክለቡ አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፣ የሰዎቹ ፊት ጠፍቶ ጥላቸው ብቻ የቀረ። ጥላዎቹ ግን ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ለጓደኛዬ አሳየሁት።

"አየህ? ቀጥ ብለዋል እኮ።"

ብዙ ጊዜ ወስዶ ተመለከተና መጽሐፉን መለሰልኝ። "ሥዕል ነው" አለ። "ሥዕል ምን ያውቃል? ማስተር ከኮሪያዊው ከራሱ ነው የተማሩ።"

ማስተር ራሳቸው አያዩም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ መስታወት የሚባል ነገር የለም። በሰልፋችን መሃል እየዞሩ በቀጭን ዘንግ ቀኝ ጉልበታችንን መታ መታ ያደርጋሉ። "እጠፍ! ይኼን እጠፍ!" እናጥፋለን። ተመልሰው ፊታችን ቆመው ሲያሳዩን፣ እኛም ተመልሰን እንደ እሳቸው እንሆናለን። አንዳንዴ ከልባቸው ገርሟቸው ቆም ይላሉ። "እናንተ ልጆች፣ ቀኛችሁን ምን ነካው?" ይሉናል። ማስተርን "የእርስዎን የነካው ነዋ" የሚል ከየት ይመጣል?

እኔ አውቅ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ የሚመርረኝ። በሰው ለመቀለድ ሰውየውን ማጥናት ግድ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላው ሲያጠና ያጠናሁት ይህንኑ ብቻ ነው። ከክለቡ ልጆች ራቅ ብዬ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ለአውቶቡስ ረዳቶችና ለሥራ ፈቶች፣ ማስተርን አስመስል ነበር። አረማመዳቸውን፣ የትከሻቸውን አነሳስ፣ ጉልበታቸው የሚገተርባትን ቦታ። ከሉማሜ እስከ ማርቆስ ባለው መንገድ የኔን ማስተር ያላየ ረዳት አልነበረም። ያቺን ጉልበት ለማስመሰል ስል ከሐኪም በላይ አውቄያት ነበር። ስለዚህ ክለቡ ውስጥ እኛ ሁላችን ልክ እንዳልሆንን የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ከሁሉ የማይረባው ነበር።

አንድ ማለዳ ከስልጠና በኋላ ከማስተር ጋር ብቻችንን ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረድን። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

"ማስተር፣ ቀኝ ጉልበትዎ..."

"ምን ሆነ?"

ፊታቸውን አየሁት። "ምንም፤ አቧራ ነክቶታል" አልኩ። ጎንበስ ብለው አራገፉት። "ተባረክ" አሉኝ።

በአራተኛው ዓመት ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከአዲስ አበባ ፈታኝ ይመጣል፤ ሰልጣኞቹ ካለፉ ክለቡ እውቅና አግኝቶ አዳራሹ ይጸናለታል፤ ካላለፉ አዳራሹን ለቪዲዮ ቤት የሚፈልጉት ሰዎች ተሰልፈዋል። ማስተር ደብዳቤውን አንብበውልን ሲጨርሱ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እንዲህ አሉ፦ "ልጆቼ፣ እኔ አንድ ጊዜ ተበትኛለሁ። ሁለተኛ መበተን አልችልም።" ከዚያች ቀን ጀምሮ የተቀማጩ አቋቋም በእጥፍ ረዘመ። እኛም በእጥፍ ዘመምን።

የፈተናው ዕለት ቅዳሜ ነበር። ማስተር ወለሉን በገዛ እጃቸው አጥበውታል። ከአቡጀዴ ያሰፏት የስፖርት ልብሳቸው ነጭነቷ ዓይን ትወጋለች። ፈታኙ ወጣት ነው፣ ወገቡ ላይ ወርቅ ክር ያለው ጥቁር ቀበቶ፤ አጠገቡ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ፊታቸው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ለእንግዳ ክብር የተደረደረ ብርቱካን።

"የተቀማጭ አቋቋም!" አለ ፈታኙ።

ወረድን። አዳራሹ በአንድ ጎኑ የሰመጠ መሰለ። ፈታኙ መጀመሪያ የገዛ ጭንቅላቱን አዘመመ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገው። ቆየና ከጠረጴዛው አንዲት ብርቱካን አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ብርቱካኗ ንቅንቅ አላለችም።

ኃላፊው ደነገጠ። "ወለሉ ምንም የለበትም ጌታዬ! በውሃ ልክ ነው የተሠራ!"

"እንግዲያው ልጆቹ ናቸዋ" አለ ፈታኙ።

እኔ ያን ዕለት ቀጥ ብዬ ነበር የቆምኩት። ቀበቶውን ፈልጌው ነበር። ሳምንት ሙሉ ብቻዬን፣ በጓሯችን ግድግዳ ጀርባዬን እያስለካሁ ተለማምጄ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል መጣሁ። ለጓደኛዬ እንኳ አልነገርኩትም፤ አጠገቤ ዘሞ ቆሟል። ፈታኙ በሰልፉ መሃል እያለፈ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"አንተ ሌላ ክለብ ነው የተማርከው?"

"የለም፤ እዚሁ ነው።"

"ታዲያ አንተ ቀጥ ስትል እነዚህ ምን ሆነው ነው?"

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ብርድ ነው ማለት ይቻል ነበር። ከፈተና በኋላ ማስተርንም ፈታኙንም ለብቻ አግኝቼ ማስረዳት ይቻል ነበር። ነገር ግን አራት ዓመት አፌ ውስጥ የተኛች ቀልድ ነበረችኝ፤ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ተመልካች ደግሞ በየቀኑ አይገኝም።

"ጌታዬ፣ ፍንጣሪው ማስተር ጉልበት ውስጥ ነው ያለው፤ የምናነክሰው ግን እኛ ነን!" አልኩ። ይህ ሳይበቃኝ ከሰልፉ ወጥቼ፣ ሻይ ቤት እንደማደርገው፣ ሦስት እርምጃ ሄድኩና በዚያች በተገተረች ጉልበት ተቀመጥኩ።

ፈታኙ ሳቀ። ቀጥሎ ኃላፊው ሳቀ። ኃላፊው ከሳቀማ ማን ይቀራል? አርባው ልጅ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ወለሉ ላይ እየተዘረገፈ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ያሳቅኩበት ቀን የለም።

ማስተር ግድግዳው ስር ፊሽካቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ቀኝ ጉልበታቸውን አዩት፤ ሰው ቤቱ ገብቶ የማያውቀውን እንግዳ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሲያገኘው እንደሚያየው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው፣ ቀስ ብለው እግራቸውን ከፈቱና በዚያው በተቀማጩ አቋቋም ለመውረድ ሞከሩ። ግራው ወረደ። ቀኙ ሲሶው መንገድ ላይ ቀረ። በሁለት እጃቸው ተጫኑት። አልሄደም። እንደገና ተጫኑት።

ሳቁ አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። የኔ ፈገግታ ግን ፊቴ ላይ ቀረች፤ የት እንደማስቀምጣት ጠፋኝ።

"ማስተር፣ ይበቃል" አለ ፈታኙ፤ ልጁ ክፉ አልነበረም።

ማስተር ቀና አሉ። "ይቀጥሉ። ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው" አሉ።

ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ውሳኔው በደብዳቤ መጣ፦ አዳራሹ እስከ ድጋሚ ፈተና ከክለቡ ጋር ይቆያል፤ ስልጠናውን ያለፈው ሰልጣኝ ይመራል፤ ነባሩ አሰልጣኝ ለጊዜው ይረፉ። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ጽሕፈት ቤት ነው የፈጠራት። ማስተር የአዳራሹን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ ስገባ፣ ከመጨረሻው ሰልፍ ጫፍ ላይ ነጭ ቀበቶ ታጥቀው ቆመዋል። ነጭ የጀማሪ ቀበቶ ነው። ማርቆስ ላይ በረዶ ዘንቦ ቢያድር እንደዚያ አልቀዘቅዝም።

"ማስተር፣ ምነው? ወደ ፊት ይምጡ እንጂ።"

"ማስተር አንተ ነህ። እኔ ልማር ነው የመጣሁ።"

ልጆቹን አንድ በአንድ አቀናሁ። ወገብ ያዝኩ፣ ትከሻ ተጫንኩ፣ "ቀኝህን እጠፍ" አልኩ። እሳቸው ጋ ስደርስ "ጥሩ ነው" ብዬ አለፍኩ። ማክሰኞም "ጥሩ ነው" ብዬ አለፍኩ። ረቡዕ ቀስ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ "አትዋሸኝ" አሉኝ። "ለሌላው የምትለውን በለኝ።"

"ቀኝዎን... ትንሽ ያጥፉት።"

"እምቢ አለኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ይኼው ይበቃዎታል።"

"ኮሪያዊው 'ይበቃሃል' የሚባል አቋቋም አላስተማረኝም" አሉ። ላባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ኅዳር ነው፣ ውጭ ውርጭ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል መጡ። ከዚያ ቀሩ። ጓደኛዬም ያን ሰሞን ልብሱን ጠቅልሎ ደብረ ኤልያስ ተመለሰ። አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት፤ እጄን አልጨበጠኝም። "የኔታን መሳቂያ ያደረገ ልጅ ጋ ምን እማራለሁ?" አለኝና ገባ።

በድጋሚ ፈተናው ሁሉም እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሁሉም አለፉ። ክለቡ ዳነ። ይህን የሰማ ሁሉ "ታዲያ ጥሩ አደረግህ!" ይለኛል። እንዲህ የሚለኝን ሰው አልወደውም።

በዚያው ዓመት ለእርቅ ሽማግሌ ለመንኩ። የነፍስ አባቴን ቄስና አንድ ጎረቤታችንን ይዤ ማስተር ቤት ሄድኩ፤ እንደ ወጉ በር ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ቆምኩ። ድንጋዩ ትንሽ ነበር፤ ትልቅ ያልያዝኩት ቀልድ እንዳይመስል ፈርቼ ነው። ማስተር ወጥተው አዩኝና "ይኼን ልጅ ምን ጫናችሁበት? አስወርዱት" አሉ። ገባን። ጠላ ቀረበ።

"እንግዲህ" አሉ ቄሱ፣ "ልጁ በድያለሁ ብሎ መጥቷል። ያዘኑበትን ይናገሩ፤ እኛ እንስማ፤ ካሳም ካለ እንካስ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉት።"

"ምን በደለኝና?"

"በሰው ፊት አዋርዶዎታል ይባላል።"

"ያልሆነውን ተናገረ ወይ? ጉልበቴ ይታጠፋል እንዴ?" ብለው ጠላውን ቀዱላቸው። "እውነት የተናገረን ሰው ይቅር ብዬሃለሁ ብለው፣ እኔ ምን ልሆን ነው? በደል የለም አባ። ይጠጡ።"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። "ተነስ፤ ልብስህ ይቆሽሻል" አሉኝ። ቄሱ ደጋግመው ለመኑ፤ ማስተር ደጋግመው ቀዱ። እርቅ የሚሆነው በደል ሲነገር ነው፤ ያልተከሰሰ ሰው ምን ተብሎ ምሕረት ያገኛል? ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ መንገድ ላይ "አየህ ትልቅነት! ቂም የሚባል የላቸውም!" እያሉ ሲያደንቁ፣ እኔ ድንጋዬን የት እንደጣልኩት እንኳ አላውቅም። "ይቅር ለእግዚአብሔር" የምትለዋን አልሰማኋትም። ቄሱ ያን ያህል ጠላ ባይጠጡ እሳቸውም ያስተውሉት ነበር።

ክለቡን ስምንት ዓመት መራሁ። የሚዘምም አልነበረኝም። የሚወደኝም አልነበረኝም፤ ልጆቹ የምነግራቸውን ያደርጋሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳሉ። ሲሰለቸኝ ለሌላ ሰው አስረክቤ ወጣሁ።

ከዚያ አስር ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ቀን፣ ለፋሲካ ሰሞን፣ ጤፍ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ማስተር ሸብተው፣ ዱቄት በዱቄት ሆነው፣ ሚዛኑ ላይ ናቸው። ሰው በሰልፍ ቆሟል። ተራዬ ሲደርስ ጆንያዬን ሰቀልኩና ጠጋ ብዬ፣ አፌ ላይ ከዓመታት ጀምሮ የተንጠለጠለውን ነገር አወጣሁት።

"ማስተር፣ እባክዎን፣ አንድ ጊዜ ይስደቡኝ።"

"ምን አልክ?"

"ይስደቡኝ። ከፈለጉ በሰው ፊት፣ እዚሁ። ወይ ይምቱኝ። እንዲህ እየሆንኩ መኖር አልቻልኩም።"

አዩኝ። የምሬን እንደሆነ ፊቴ ላይ ይነበባል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቴ ግን አርባ ዓመት የለመደውን ቀልድ ነው የሚያውቀው። የማስተር ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ትከሻቸው ተነሳ፤ ሳቁ። በዕድሜዬ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ሰልፉ ዞሩና፣

"ሰማችሁት? ይስደቡኝ ብሎ ይለምነኛል! ይኼ ልጅ ድሮም ቀልደኛ ነው፤ ዛሬም አልተወው!" አሉ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ ያሉ አንዲት እናት "ወይ ልጄ! ጨዋታ አዋቂ ነህ!" ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ፤ ጆንያዬን ከሚዛኑ አወረድኩና ወደ ወፍጮው ገባሁ።